ስለ ኮረሪማና በዛፍ ጥላ ሥር አብረው ስለሚስማሙ ተክሎች

በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ዙሪያ ቡና ለማልማት የሚተጋ ሰው ብዙ ነው፤ ትጋቱም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዱሩን ከሥሩ መንጥሮ ቡናን ብቻ መትከል ልማት መስሎ የሚታይ ጥፋት ስለ ሆነ፥ የአገር ገዥዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ሊያስቡበት ይገባል።

ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው። ቁመቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ አበባውን ከጫፉ ሳይሆን ከመሬቱ አጠገብ ያወጣል፤ ፍሬውም ሲበስል ይቀላል። የበረታ ፀሐይ ያጠወልገዋል፤ ቅጠል በስብሶ ያለሰለሰውን እርጥብ አፈር ይወዳል። ስለዚህ ከደጋው ይልቅ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ ያለው ወይና ደጋ ይስማማዋል።

ቡናም ራሱ በጥላ የሚኖር የዱር ዛፍ ነው። ዋንዛና ብርብራ ከላይ፥ ቡና ከመካከል፥ ኮረሪማ ከታች ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ይረዳል። የዛፉ ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ የኮረሪማው ሥር አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ የዋንዛው አበባም ለንብ ቀለብ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ለቤት ሥራ ቢጠቅምም ውሃውን ስለሚሻማ ለእነዚህ ጎረቤት አይሆንም።

ጥላ የቡናን ፍሬ ያሳንሳል የሚሉ አሉ። ጥላው ከበዛ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቅርንጫፉን መመልመል እንጂ ዛፉን መጣል አይደለም። በአንድ ተክል ብቻ መታመን የሚያመጣውም ጉዳት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ በተገለጠ ጊዜ ታይቷል።

የኮረሪማ አተካከል አያስቸግርም፤ በክረምት መግቢያ ከአሮጌው ተክል ቡቃያ ያለውን ሥር ከፍሎ በጥላ ሥር መትከል ነው። ነገር ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ያስጠብቃል። ዋናው ችግር ይህ ነው፤ ፍሬውን ራሱ እንደሚለቅም ያልተማመነ ገበሬ አይተክልም። በዱር ያለውንም ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ብሎ ሳይበስል ይለቅመዋል፤ ያልበሰለውም መዓዛው ደካማ ስለ ሆነ በገበያ ይናቃል።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚጠበቀው ችግኝ ማደል ብቻ አይደለም። የተከለው ሰው ፍሬው የራሱ መሆኑን በአገር ሽማግሌዎች ፊት ማጽናት፥ የለቀማውን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ተስማምቶ መወሰን፥ ለቡና ተብሎ የሚመነጠረውንም ዱር ምሳር ሳይነሣበት ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። ዋንዛን ለመጣል አንድ ቀን ይበቃል፤ ጥላውን ለመመለስ ግን ብዙ ክረምት መጠበቅ ግድ ነው።