የሱኑት ጫካ ትናንሽ እንግዶች

ዛሬ ስለ ወፍ እናወጋለን። «እኛ ወረቀትና ራሽን ቸግሮናል፣ እሱ ወፍ ይላል» የምትሉ አትጠፉም። ግድ የለም፣ አንዴ ስሙኝ።

ካርቱም የኖራችሁ፣ ነጭ ዓባይ ከጥቁር ዓባይ ሊገናኝ ሲል የነበረውን የሱኑት ጫካ ታስታውሱታላችሁ። ወንዙ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት የግራር ጫካ ነበር። እኔም ሥራ ባጣሁ ቀን ጥላው ሥር እቀመጥ ነበር። ከመስከረም በኋላ ቀና ካላችሁ ከድንቢጥ የምታንስ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ የቀላቀለ ቡናማ፣ ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ ሰረዝ ያላት ወፍ ቅጠል ለቅጠል ትልና ትል ስትለቅም ታያላችሁ። ክብደቷ 9 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው።

እኔ አንድ ዓይነት ትመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሁለት ናቸው! አንደኛዋ ቺፍቻፍ፣ ሌላዋ ዊሎ ዋርብለር ትባላለች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጊልበርት ዋይት የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የለያቸው በዜማቸው ነው። ቺፍቻፍ ስሟን እየደጋገመች «ቺፍ ቻፍ» ትላለች፤ ዊሎ ዋርብለር ግን ከላይ ጀምራ ዜማዋን ወደ ታች ታወርዳለች። ዝም ካሉ እግራቸውን እዩ፤ የቺፍቻፍ ጥቁር፣ የዊሎ ዋርብለር ብዙውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ነው። ቺፍቻፍ ስትለቅም ጅራቷን ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ትነቀንቃለች። ክንፏም አጠር ያለ ነው፤ ብዙዎቹ በጋውን በዓባይ ዳርና በእኛ አገር ደጋ ያሳልፋሉ። ዊሎ ዋርብለር ክንፏ ረጅም ነው፤ ሱዳንን አልፋ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ከሩቅ ሳይቤሪያ የሚነሱት በአንድ ጉዞ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። እኛ ተበተንን። የሱኑት ዛፎችም በጦርነቱ ዘመን ለማገዶና ለከሰል በብዛት ተቆረጡ። ወፏ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ ስትመጣ የምታርፍበት ታጣለች ማለት ነው። ይሄን ደግሞ ከኛ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ወንጭፍ ሲያነሱ «እሷም እንግዳ ናት» በሏቸው። ከመጠለያችን አጠገብ የቀረችውንም ግራር ለማገዶ አንቁረጣት። ጎህ ሲቀድ ከሥሯ ቆማችሁ አዳምጡ፤ እግሯ ጥቁር ይሁን ፈዛዛ ለዝግጅት ክፍላችን ንገሩን።

እስከሚቀጥለው ቸር ያሰንብተን።