መተማን ጦር ሜዳ ብቻ አታድርጓት

ስለ መተማ የኮምፒውተር ጨዋታ ሴናሪዮ ይሠራ ሲባል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፦ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በአንድ ወገን የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት፣ በሌላው በኩል የዘኪ ጡማል ደርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት) ጦር፣ መሐል ላይ የታጠረች ከተማ፣ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱን የምትመታ ጥይት። ይህን እቃወማለሁ። ውጊያውን አሳንሼ አይደለም። ሴናሪዮ ከመጽሐፍ በተሻለ ሊያሳየው የሚችለው ነገር ሁሉ በዚህ አሠራር ስለሚቀር ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። ሲቪላይዜሽን 2 የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ይዟቸው የመጣቸው ሴናሪዮዎች የሮም መስፋፋትና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበሩ። አብሮት ግን ማንም ተጫዋች ካርታ የሚስልበት፣ ከተማ የሚተክልበት፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ የጨዋታውን ሕግ የሚለውጥበት መሣሪያ መጣ። በዚያው ዓመት የተከተለው ማስፋፊያ ደግሞ የክስተት ትእዛዞችን ጨመረ፦ ተራው እዚህ ቁጥር ሲደርስ ይህ ጦር እዚህ ቦታ ይፈጠር፣ ይህች ከተማ ስትያዝ ይህ መልእክት ይውጣ። ሁለት ወገኖች ለድርድር ሲቀርቡ ንግግሩን የሚዘጋ ትእዛዝም አለ። ታሪኩ ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚፈልጉ ሠሪዎች ይጠቀሙበታል።

ያንን ትእዛዝ መተማ ላይ መጻፍ ታሪክን ማጉደል ነው። የደርቡሹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ በጥር 1880 ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰብሮ ጎንደርን አቃጥሏል። ዐፄ ዮሐንስ ከመተማው ውጊያ ጥቂት ወራት በፊት ለዚሁ ሰው የሰላም ደብዳቤ ጻፉ፤ አውሮፓዊው የሁለታችንም ጠላት ነውና እርስ በርስ አንተላለቅ በሚል መንፈስ። የመጣላቸው መልስ ስድብ ነበር። አቡ አንጃ ውጊያውን ሳያይ ሞተ፣ ዮሐንስ ወደቁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላም ሚያዝያ 25 ቀን ከጣሊያን ጋር የውጫሌ ውል ተፈረመ። መልሱ ሌላ ቢሆንስ ኖሮ? ተጫዋቹ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የሚያስብበት ተራ ይህ ነው፤ ሠሪው በአንድ መስመር ይዘጋበታል።

መነሻውም ውጊያው ሊሆን አይገባም። በ1876 ዓ.ም. በተፈረመው የዐድዋ ውል ዮሐንስ በመሐዲስቶች የተከበቡ የግብፅ ጦር ሰፈሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ተስማሙ፤ የመተማው ሰፈርም በዚሁ መንገድ ወጣ። ቂሙ ከዚያ ይጀምራል። ከመጋቢት 1 የሚጀምር ሴናሪዮ ግን ጠላትነቱን አብሮ እንደተፈጠረ ባሕርይ አድርጎ ያቀርበዋል።

ወደ ከተማዋ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። በጨዋታው እያንዳንዱ ከተማ አንድ ቀለም፣ አንድ ባለቤት አለው። የመተማ ተክሩሮች (ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩ ሙስሊሞች) ግን ለኢትዮጵያም ለግብፅም የገበሩባቸው ዘመናት ነበሩ። ይህን ለመጻፍ አይከብድም፤ በየተወሰነ ተራው ለሁለቱም መንግሥታት ግምጃ ቤት ገንዘብ የሚያስገባ ትእዛዝ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ከተማዋን የሚያጠፋ ተጫዋች የራሱን ግብር እንደሚያጠፋ ያያል። በጨዋታው ሲራራ ነጋዴ የሚባለውም ክፍል ተዘጋጅቶ አለ። የሚጭናቸው ዕቃዎች ዝርዝር ከቆዳና ከጨው ተነሥቶ እስከ ነዳጅና ዩራኒየም ይሄዳል፤ ቡና ግን የለበትም። በቆላው መንገድ ይወርድ የነበረው ቡናና ሰም ነው። ሁለት ቃል መለወጥ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ትኩረቱ ሁሉ የጠመንጃውን ሥዕል ማሳመር ላይ ነው።

በመተማ ወረዳ ያለችውን ሸሕዲን የሚያውቅ ሰው ሌላም ይጠይቃል። ክረምት ሲገባ ዋልካው ሰውም ከብትም ይይዛል፤ ደገኛው ወታደር ቆላ ሲወርድ ወባ ይጠብቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በበጋ የዘመቱት፣ ሠራዊቱም ብዙ መቆየት የማይችለው ለዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት የሆነ ቢጫ ሜዳ ስሎ «መተማ» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው።

ገበያ ማን ይጫወታል፣ ሰው የሚፈልገው ድል ነው የሚሉ አሉ። የሲራራ መንገድን ከሁለት ኃያላን መሐል ክፍት አድርጎ ማቆየት ከተማ ከመክበብ የሚከብድ ፈተና ነው፤ የሚከብደውን ደግሞ ተጫዋች ይወደዋል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ማንም ሠሪ እንዲዘል አልፈቅድም። በመተማ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ከጉሙዝ መንደሮችና ከደቡብ የተነዳ ሰው። ይህን መተው ውሸት ነው፤ ከቡናና ከሰም ቀጥሎ አንድ መስመር አድርጎ መጻፍም ነውር ነው። መሣሪያው ሌላ መንገድ ይሰጣል፤ የካርታውን መሬት የሚለውጥ ትእዛዝ አለ። በየተወሰነ ተራው ከዚህ ንግድ ገንዘብ ይግባ፤ በዚያው ተራ፣ ምዕራብ ቆላ ላይ፣ የታረሰ መሬት ወና ይሁን፤ ተጫዋቹም ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ያንን ባዶ ካርታ ይዞ ይቀጥል።