የከተማ ሹም ለወቀሳ የሚሰጠው መልስ

ሹመት ክብር ብቻ ሳይሆን ሸክምም መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ይልቁንም የከተማ ሹመት ከሌላው ሹመት ሁሉ ይልቅ ለወቀሳ የቀረበ ነው። የሌላው ባለሥልጣን ሥራ በሩቅ ይሰማል፤ የከተማ ሹም ሥራ ግን መንገዱና ውሃው፤ መብራቱና የጥበቃው ነገር ስለ ሆነ፤ ሕዝቡ በየማለዳው ከደጁ ሲወጣ ይመረምረዋል። ስለዚህ ከተማ አስተዳድሮ ሳይወቀስ የኖረ ሹም አይገኝም። ሹምን ከሹም የሚለየው በተወቀሰ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው። ለዚህ ነገር ምሳሌ እንዲሆነን፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካ ከተማ በሎስ አንጀለስ የሆነውን እንመልከት።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2025) እኛ የልደትን በዓል ባከበርንበት ዕለት፤ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ በሚባለው የከተማይቱ ክፍል እሳት ተነሣ። ነፋሱ እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ እሳቱ ከኮረብታው ወርዶ መንደሩን በላው። 12 ሰዎች ሞቱ፤ ከ6,800 የሚበልጡ ቤቶችና ሌሎች ሕንፃዎች ጠፉ። በዚያው ቀን የከተማይቱ ከንቲባ ወይዘሮ ካረን ባስ በአገራቸው መንግሥት ተልከው፤ በጋና አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በሚረከቡበት በዓል ላይ ይገኙ ነበር።

ከንቲባዪቱ በማግሥቱ ሲመለሱ፤ አንድ ጋዜጠኛ ለሕዝቡ ይቅርታ ይጠይቁ እንደ ሆነ ደጋግሞ ቢጠይቃቸው ዝም ብለው አለፉ። ሕዝቡም ይህን ዝምታ አይቶ አዘነ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የነፋሱን ብርታት አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበርና፤ ደግሞም እርሳቸው ገና ሳይመረጡ፤ ከንቲባ ብሆን ወደ ውጭ አገር አልሄድም ብለው ተናግረው ነበርና፤ ወቀሳው በረታ። ከሥልጣን ይውረዱ የሚል ከ100 ሺሕ የሚበልጥ ፊርማ ተሰበሰበ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፤ ፍርድ ሚዛን ሊኖረው ይገባል። ነፋሱን ያስነሡት ከንቲባዪቱ አይደሉም። በዚያ ሌሊት ውሃ የሚረጩት አውሮፕላኖች እንኳ ከነፋሱ ብርታት የተነሣ ሊበሩ አልቻሉም። የከተማ የውሃ ቧንቧም ጥቂት ቤቶች ሲቃጠሉ ለማጥፋት የተሠራ እንጂ፤ መንደር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነድ የሚበቃ አይደለም። ከዚህ በኋላም መልሶ የመሥራቱ ፈቃድ እንዲፋጠን፤ እሳቱ በተነሣ በሳምንቱ ትእዛዝ አውጥተዋል። ይሁን እንጂ በመንደሩ አጠገብ ያለው፤ 117 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዘው የውሃ ማጠራቀሚያ ለጥገና ተብሎ ባዶውን ብዙ ወራት ቈይቶ ነበር። ይህ የሰው ሥራ ነውና ሊጠየቁበት የተገባ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የፈለገው፤ ከሰው አቅም በላይ የሆነው ይህ ነው፤ በእኛ ጕድለት የሆነው ይህ ነው ብሎ ለይቶ የሚነግረው ሹም ነበር።

ነገሩ ግን ወደ ክርክር ዞረ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አለቃ ወይዘሮ ክሪስቲን ክራውሊ፤ ከተማው ለመሥሪያ ቤታቸው የሚገባውን ገንዘብና ሰው አልሰጠም ብለው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአደባባይ ተናገሩ። የካቲት 14 ቀን ከንቲባዪቱ እኚህን አለቃ ሻሩ፤ ምክንያቱንም ሲናገሩ፤ በዚያ ማለዳ ለሥራ ሊቈዩ ይችሉ የነበሩ አንድ ሺሕ ያህል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ተሰናብተዋል አሉ። የከተማው ምክር ቤትም ሽረቱን በ13 ድምፅ በ2 አጸና። ከንቲባዪቱ ራሳቸው ወደ ጋና መሄዳቸው ስሕተት እንደ ነበረ ያመኑት በዚሁ በየካቲት ወር ነው።

የበታቹ ሹም ጥፋት ካለበት መሻሩ የተገባ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን የቅደም ተከተሉን ነገር አንባቢ ያስተውል። አለቃው የራሱን ጕድለት አስቀድሞ ከተናገረ በኋላ የበታቹን ቢሽር፤ ሕዝብ ሥራ ለማቅናት ነው ይላል። ራሱን ሳይወቅስ ሌላውን ቢሽር ግን፤ ሽረቱ እውነተኛ ምክንያት ቢኖረው እንኳ፤ ሸክሙን በሌላ ትከሻ ላይ ጫነ ያሰኘዋል።

በዚያው በአሜሪካ ከዚህ ቀደም የሆነው ይህን ያስረዳል። በ1961 ዓ.ም. በየካቲት ወር በኒው ዮርክ ብርቱ በረዶ ወርዶ 42 ሰዎች ሞቱ፤ የኩዊንስ ሰፈር መንገዶችም ብዙ ቀን ተዘግተው ቈዩ። ከንቲባው ጆን ሊንድሴይ ወደ ሰፈሩ ቢሄዱ ሕዝቡ ጮኸባቸው። የገዛ ፓርቲያቸውም በምርጫ ትቷቸው ነበር። እርሳቸው ግን በቴሌቪዥን ቀርበው የበረዶውን ነገር ተሳስቻለሁ ብለው አመኑ፤ ደግሞም የሠሩትን ዘረዘሩ፤ በ1962 ዓ.ም. በጥቅምትም በሌላ ፓርቲ ስም ተመረጡ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በቺካጎ እንዲሁ በረዶ በበዛ ጊዜ፤ ከንቲባው ማይክል ቢላንዲክ ቦታው ተጠርጓል እያሉ ሲናገሩ፤ ሕዝቡ ሄዶ ቢያይ በረዶው እንደ ተከመረ አገኘው። ባቡሮቹም በጥቁሮች ሰፈር ሳይቆሙ እንዲያልፉ ተደርጎ ነበርና፤ በየካቲት በተደረገው የፓርቲው ምርጫ ጄን በርን አሸነፏቸው።

የምርጫ ድል ብዙ ምክንያት እንዳለው እናውቃለን። ቢሆንም ከሦስቱ ከተሞች የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሕዝብ አደጋን ከሹም እጅ የመጣ አድርጎ አይቈጥረውም፤ ዓይኑ ያየውን ሲክዱት ግን አይታገሥም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፤ ልጁን ከእሳት አውጥቶ ዕቃውን የተወ ሰው፤ ከሹሙ የመጀመሪያውን ቃል የሚጠብቀው በዚያው ሰሞን ነው። ያ ቃል በወሩ ቢመጣ እውነት ቢሆንም እንኳ ኀይሉ ያንሳል።

ስለዚህ በከተማ አስተዳደር ላይ የተቀመጠ ሁሉ፤ ወቀሳ ሲመጣበት ወቃሹን እንደ ጠላት አይመልከተው። የሠራውን ይናገር፤ ያልሠራውን አይሸሽግ፤ የሚያርመውንም ከነቀኑ ያስታውቅ። ሕዝቡም በበኩሉ የሹምን ጕድለትና የዘመንን መከራ ለይቶ ይውቀስ። ወቀሳና መልስ እንዲህ በሥርዐት ሲገናኙ የሚጠቀመው ከተማው ነው።