መሣሪያው ሲዘጋ ተማሪው ምን ይዞ ይቀራል?

እ.ኤ.አ በ2023 መጸው በአንድ የቱርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሺህ ገደማ ተማሪዎች የተሳተፉበት የሂሳብ ትምህርት ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ይህ ሙከራ ክፍሎቹን በዕጣ ለሦስት መደበ። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው በመጽሐፉና በደብተሩ ብቻ መልመጃውን ሠራ። ለሁለተኛው፣ የተጠየቀውን ሁሉ ሳያንገራግር የሚመልስ፣ ከቻትጂፒቲ ብዙም የማይለይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ተሰጠው። የሦስተኛው ወገን ረዳት ግን ልጓም የገባለት ነበር፤ መልሱን ዘርግፎ እንዳያቀርብ ተከልክሎ፣ ተማሪው ቀጣዩን እርምጃ ራሱ እንዲወስድ ፍንጭ ብቻ እንዲያቀብል ተዘጋጅቷል።

በመልመጃው ሰዓት ሁለቱም ረዳቶች የሚያስደንቅ ውጤት አሳዩ። ያልተገደበውን የተጠቀሙት ተማሪዎች ውጤት በ48 በመቶ፣ ፍንጭ ሰጪውን የተጠቀሙት ደግሞ በ127 በመቶ ከፍ አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለሻጭ ኩባንያዎች ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ባልተገኘ ነበር። ቀጥሎ ግን ኮምፒውተሩ ተዘጋና ሁሉም ያለ ረዳት ፈተና ተቀመጡ። ያልተገደበውን ረዳት ሲጠቀሙ የቆዩት ተማሪዎች፣ ረዳት ጨርሶ ካልተሰጣቸው በ17 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። ፍንጭ ሰጪውን የያዙት ከዚህ ጉዳት ድነዋል፤ ይሁንና በመጽሐፍና በደብተር ከተለማመዱት ጎላ ብለው አልታዩም። ከሁሉ የሚያሳስበው፣ የተጎዱት ተማሪዎች መጎዳታቸውን አለማወቃቸው ነው።

ከሁለቱም ረዳቶች በስተጀርባ የነበረው ሞተር አንድ ዓይነት፣ ጂፒቲ-4 መሆኑ በተለይ ሊጤን ይገባል። ልዩነቱን የፈጠረው መምህራኑ ያዋጡት ዕውቀት ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛው አሠራር፣ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ፣ ስሕተቱ ሲታይ መሰጠት ያለበት ፍንጭ አስቀድሞ ለፍንጭ ሰጪው ረዳት ተነግሮት ነበር። እንግዲህ በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የግዢ ስብሰባ ላይ የሚነሳው «የትኛው መሣሪያ ይበልጥ ብልህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ሲዘጋ ተማሪው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ይህንን ደግሞ ከመምህሩ በቀር በቅርብ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄው «ይግባ ወይስ አይግባ» ከሚለው «የትኛው ይግባ» ወደሚለው የተሸጋገረው በአስገራሚ ፍጥነት ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ቀረበ፤ የኒውዮርክ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በጃንዋሪ 2023 አገዱት፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር እገዳውን አነሱ። ዛሬ ኢስቶኒያ ለ20 ሺህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ መሣሪያውን በመንግሥት ፕሮግራም ታዳርሳለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ከ2025-26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገብታለች።

ጥድፊያው ዋጋ ያስከፍላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሎስ አንጀለስ፣ የከተማዋ የትምህርት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ በማርች 2024 «ኤድ» የተባለ፣ በፈገግተኛ ፀሐይ የተመሰለ አነጋጋሪ ረዳት በታላቅ ድምቀት አስመርቆ ነበር። የውሉ መጠን እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ሦስት ወር ገደማ እንዳለፈ መሣሪያውን የሠራው ኦልሂር የተባለው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ምክንያት አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ረዳቱም ከአገልግሎት ወጣ። ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ሻጩ ቢከስርም ክፍል ውስጥ ይቀራሉ። በኢንተርኔት የሚከራይ መሣሪያ ግን ከአከራዩ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ የተማሪዎቹ መረጃ የት እንደደረሰም ጥያቄ ሆኖ ይቆያል።

በባሕር ማዶ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪዎች ይበልጥ አስጊው ግን ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ አያስተምርም፤ ይከሳል። ተማሪው ያቀረበውን ጽሑፍ «ማሽን የጻፈው ነው» ወይም «ሰው የጻፈው ነው» ብሎ የሚፈርድ ጠቋሚ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2023 ሰባት ጠቋሚዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሲያቀርቡላቸው፣ ጠቋሚዎቹ በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን የማሽን ሥራ ናቸው ብለው ፈረዱ። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ግን በአብዛኛው በትክክል ለይተዋል።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ጠቋሚዎቹ ከሚለኩት ነገር ዋነኛው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት መሆኑ ነው። ማሽን የሚገመቱ ቃላትን ያዘወትራል። ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ በሚያውቃቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጠንቅቆ የሚጽፍ ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። ነገሩን ፌዝ የሚያስመስለው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ ድርሰቶች በቻትጂፒቲ ቃላታቸውን አሳምረው መልሰው ሲያቀርቧቸው፣ ጠቋሚዎቹ አብዛኞቹን «የሰው ሥራ» ብለው አሳለፏቸው። በሐቅ የጻፈው ተከሰሰ፤ በማሽን ያስዋበው ነጻ ወጣ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣው ጠቋሚ ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ኩባንያውም በጁላይ 2023 በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት አነሣው። ሠሪው ያላመነበትን ዓይነት መሣሪያ በአንድ ስደተኛ ልጅ ላይ ምስክር አድርጎ ማቆም ከቶ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ቅዳሜና እሑድ በየማኅበረሰቡ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጡ በጎ ፈቃደኛ መምህራንም እነዚህን መሣሪያዎች መሞከራቸው አይቀርም፤ መሞከራቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የታየ ብቃት በአማርኛም ይገኛል ብሎ መገመት አያዋጣም። በኮምፒውተር አከማቸት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የቋንቋ ሞዴሎቹም በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተገሩ በመሆናቸው የአማርኛን ቃል ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይከፋፍሉታል፤ ይህም ወጪውን ይጨምራል፣ ሥራውን ያዘገያል። አንብቦ የሚያሰማ መሣሪያ ደግሞ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን የማያመለክት በመሆኑ ይፈተናል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው፤ «ገና» በዓሉም ነው፣ አለመድረስም ነው። የሂሳብ መምህር በበኩሉ «አውቶቡሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 7 ሰዓት ቢደርስ ስንት ሰዓት ተጓዘ?» ብሎ ይጠይቀው። መሣሪያው የኢትዮጵያን የሰዓት አቆጣጠር ያውቅ እንደሆነ በዚህች አንዲት ጥያቄ ይለያል። አምስት ሰዓት ብሎ ቢመልስ እንኳ እንዴት እንደደረሰበት ማስረዳቱ መታየት አለበት፤ በተማሪው ጭንቅላት የሚቀረው ማብራሪያው ነውና።

ሕግ በከፊል ይከላከላል። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ፣ ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ በትምህርት ቤት የተማሪን ስሜት ከፊቱ ለማንበብ የሚሞክሩ መሣሪያዎችን ከልክሏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1998 የወጣ ሕግ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበስቡ ያዛል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ በወላጅ ስም ይፈቅዳል።

በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸው ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይተረጎማሉ። በሥራ የዋለ አባት ወይም የሌሊት ተረኛ የሆነች እናት እንዲህ ያለውን ወረቀት ፈርሞ ወደ ልጅ ቦርሳ መመለስ ይቀናቸዋል። ነገር ግን ከመፈረም በፊት መምህሩን በአማርኛም ቢሆን፣ በአስተርጓሚ ጭምር፣ መጠየቅ ይቻላል። መሣሪያው መልስ ይሰጣል ወይስ ፍንጭ? የልጁ ጽሑፍ በጠቋሚ ቢከሰስ ረቂቁን አቅርቦ የሚከራከርበት መንገድ አለ? ኩባንያው ቢዘጋ መረጃውን ማን ያጠፋል? ከሁለት ሳምንት ልምምድ በኋላስ በወረቀትና በእርሳስ፣ ያለ ማሽን፣ አጭር ፈተና ይሰጣል? ይህ የመጨረሻው የሚፈጀው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።