ስለ ጫሞ ሐይቅ ዓሣና ስለ አጥማጆቹ ኑሮ

ካርባ ምንጭ ከተማ ከፍታ ላይ ኾኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፥ በግራው ዓባያ፥ በቀኙ ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ይታዩታል። ዓባያ ሰፊ ቢኾንም ውሃው በደለል የቀላ ነው፤ ጫሞ ግን በስፋቱ ቢያንስም በዓሣው የታወቀ ነው። ቆሮሶውም፥ አምባዛውም፥ ናይል ፐርች የሚባለውም ትልቁ ዓሣ ከርሱ ይወጣል። አገራችን ከ1985 ዓ. ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት ስለ ኾነች፥ የዓሣ ሀብቷ እንደዚህ ባሉት ሐይቆችና በወንዞቿ ነው።

ነገር ግን የጫሞ ዓሣ በቍጥርም በመጠንም እያነሰ መሄዱን ተመራማሪዎች በየጊዜው አስታውቀዋል። ምክንያቱንም ለማወቅ ያጥማጁን ኑሮ መመርመር ያስፈልጋል። አጥማጁ አዞና ጉማሬ በሚመላለሱበት ውሃ ላይ ታንኳውን እየቀዘፈ መረቡን ይጥላል። ያወጣው ዓሣ ግን በቈላ ሙቀት ውሎ ማደር አይችልም፤ አዲስ አበባም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው በረዶና መኪና ያለው ነጋዴ ነው። አጥማጁም ከእጅ ወደ አፍ ከሚኾን ገንዘብ በቀር ሳይተርፈው፥ የጐደለውን በብዛት ለመሙላት ሲል ዐይኑ ጠባብ የኾነ መረብ ይጥላል።

ከዚህ የሚመጣው ጕዳት ቀላል አይደለም። እናቲቱ ቆሮሶ ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ስለ ኾነች፥ በዚያ ወራት በዳርቻው ያጠመዳት ሰው የወሰደው አንድ ዓሣ ሳይኾን አንድ ትውልድ ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ክረምት ሲገባ ምን ይዘራል?

ይህን አጥማጁ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «እኔ ትንሹን ዓሣ ብተወው ነገ ሌላው ያወጣዋል» ብሎ ስለሚያስብ ነው፤ አሳቡም ለብቻው ለቆመ ሰው እውነት ነው። ሐይቁ የኹሉ ሲባል ጠባቂው ማንም አይኾንም፤ የታገሠው ይከስራል፥ የተስገበገበው ያተርፋል። ስለዚህ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ የታገሠ ሰው የትዕግሥቱን ዋጋ የሚያገኝበት ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሕጉስ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በ1995 ዓ. ም. ታውጇል። የሚቀረው በትጋት መፈጸሙ ነው። ሹማምንትም ድኻውን በሐይቁ መካከል ከማሳደድ ይልቅ፥ ጠባቡ መረብ በሚሸጥበት ሱቅና ዓሣው በሚመዘንበት ዳርቻ ቢጠብቁ ይሻላል። መረቡን የተቀማ ሰው ሰፊ ዐይን ያለው መረብ ካልተተካለት፥ ሌሊት ተመልሶ በጠባቡ ማጥመዱ አይቀርም። ደግሞም በማኅበር የተደራጁ አጥማጆች የታወቀ የሐይቅ ክፍል ቢሰጣቸውና የበረዶ ቤት ቢቋቋምላቸው፥ ዋጋውን ተደራድረው ይሸጣሉ፤ የራሳቸውንም ውሃ ራሳቸው ይጠብቃሉ።

ለዚህ ሥራ የጋሞ ምድር መሠረት አላት። ሕዝቡ በዱቡሻ ተሰብስቦ ነገሩን መምከር የኖረበት ልማድ ነው። በመስከረም 2011 ዓ. ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ፥ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች ካርባ ምንጭ መንገድ ላይ መልሰዋል። በቍጣ የተነሣን ሕዝብ የመለሰ ቃል፥ ጠባቡን መረብ ማስጣል አያቅተውም፤ ብቻ አባቶቹ በመጨረሻ ሳይኾን በመጀመሪያ ይጠሩ።

ካህናትም በዚህ ድርሻ አላቸው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንት እንተወዋለን፤ ገበያው ግን በዐቢይ ጾም እንደሚደራ የታወቀ ነው። በወንጌል ምሳሌ የተጻፉት አጥማጆች መልካሙን ከክፉው የለዩት መረቡን ወደ ዳር ካወጡ በኋላ ነበር። የጫሞው አጥማጅ ግን ትንሹን ከትልቁ መለየት የሚገባው መረቡ ገና በውሃ ሳለ ነው፤ ወደ ዳር የወጣ ጫጩት ቢመልሱትም አይድንምና።

እንግዲህ ሹሙ በሕጉ፥ ሽማግሌው በምክሩ፥ ካህኑ በትምህርቱ ቢተባበሩ፥ የዛሬው አጥማጅ እንጀራውን ሳያጣ ለልጁ ዓሣ ያለበት ሐይቅ ያወርሰዋል።