“ራጁ ንጹህ ነው”

ከራቤል ተነሥቶ፣ በመሐል ሜዳ አልፎ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚንገጫገጭ በሽተኛ የሚከፍለው የራጁን ዋጋ ብቻ አይደለም። መሳፈሪያው አለ፣ ማደሪያው አለ፣ የአስታማሚው ምግብ አለ፣ ሥራ የፈታበት ቀን አለ። ይህን ሁሉ ከፍሎ፣ ፊልሙ ወደ ብርሃን ተነሥቶ ከታየ በኋላ፣ “ራጁ ንጹህ ነው” ይባላል። ማስታገሻና ቅባት ይዞ ይመለሳል። እግሩ ግን እንዳመመው ነው። ስለዚህ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ታሽቶ ሲብስበት ደግሞ የተማረው ሁሉ “ኋላ ቀርነት!” ብሎ ይጮኻል።

ወጌሻ ጥፋት የለበትም አልልም። ወጌሻ በሸምበቆ አጥብቆ አስሯቸው፣ ደም ተቋርጦ፣ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሕሙማን በሐኪሞቻችን ጽሑፎች ተደጋግመው ተመዝግበዋል። ሆኖም አንድ ነገር እንመን፦ ወጌሻው ይጠይቃል፣ ይዳስሳል። “ምን ስትሠራ ጀመረህ? የቱ ጋ ነው?” ብሎ ጣቱን ያሳርፋል። በየጤና ተቋሙ ግን ወረፋው ረጅም ነውና ጥያቄውም ዳሰሳውም ለራጅ ክፍሉ ተላልፎ ተሰጥቷል። ራጅ ያላሳየው ስብራት የለም የሚለው እምነት የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው።

አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይገነባል። ሸክሙ ወይም ሩጫው ድንገት ሲበዛ መፍረሱ መገንባቱን ይቀድመዋል፤ ሳይወድቁ፣ ሳይመቱ፣ አጥንቱ ውስጥ ስንጥቅ ይወጣል። የጫና ስብራት የምለው ይህንን ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ራጅ ብዙውን ጊዜ አያየውም፤ አንዳንዱንም ጨርሶ አያየውም። ቀድሞ የሚያየው ኤምአርአይ ነው፤ እሱ ደግሞ ለራቤል ሰው ሩቅ ነው። ይህ ግን ምርመራው አይቻልም ማለት አይደለም። የፕሩሺያ ጦር ሐኪም ብራይትሃውፕት በረጅም ጉዞ እግራቸው እያበጠ የሚያነክሱ ወታደሮችን ሕመም የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። ራጅ የተገኘው በ1895 ነው። ሕመሙ የእግር መዳፍ አጥንት ስብራት መሆኑ በራጅ የታየው በ1897 ነው። ብራይትሃውፕት ከራጅ 40 ዓመት ቀድሞ፣ ስብራት መሆኑን ባያውቅም፣ ያስተዋለውን ሕመም፣ እኛ ማሽኑ በእጃችን ሆኖ እናልፈዋለን።

ሐኪሙ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ሕመሙ ሲሮጥ ወይም ሸክም ሲያነሣ ይብሳል፣ ሲያርፍ ይቀንሳል? ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ሩጫው፣ የወታደር ሥልጠናው ወይም ሸክሙ በርትቶ ነበር? “የሚያምህን አሳየኝ” ሲባል ሙሉውን ቅልጥም በመዳፉ የሚያሻሸውና አንዲት ነጥብ በአንድ ጣቱ የሚጠቁመው አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው ላይ ራጁ ምንም ይበል ምን የጫና ስብራት ሊጠረጠር ይገባል።

አሠልጣኞቻችን አፍረው የሚተዉት አንድ ጥያቄም አለ። የሯጭ ልጅ የወር አበባ 3 ወር ከቀረ፣ ብዙዎች “ልምምዱ ስለጠነከረ ነው” ብለው ያልፉታል፤ ጭራሽ የጥንካሬ ምልክት የሚያደርጉትም አሉ። ሰውነቷ ግን የምትበላው ለምትሮጠው አልበቃ ብሎት አጥንት መገንባቱን እየቀነሰ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ጠዋት ጠዋት ዳገት የምትሮጥ ልጅ ጾሟን ትተው የሚል የለም፤ ምን ሰዓት ምን ትበያለሽ ብሎ የሚጠይቃት ግን ያስፈልጋታል። ሐኪም ከጎኗ የማይታጣ የነበረችው ሯጯ ፓውላ ራድክሊፍ እንኳ፣ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በእጇ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቤይጂንግ ኦሎምፒክ ጥቂት ወራት በፊት የጭን አጥንቷ ላይ የጫና ስብራት ደረሰባት፤ ውድድሩን 23ኛ ሆና ጨረሰች።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍት ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ጀሶ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። የጭን አጥንት አንገት ላይ ከሆነ ግን ቀልድ የለም፤ ብሽሽቱን የሚያመው ሯጭ እግሩን ሳያስረግጡ ወደ አጥንት ሐኪም መላክ አለበት፤ ካልሆነ ስንጥቁ ሙሉ ስብራት ይሆናል። ደግሞስ “ዕረፊ” የሚለው ትእዛዝ ለማን ነው የሚነገረው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ አቀበት የምትወጣ ልጅ ራሷን ከሥራ ማሳረፍ አትችልም። እናትና አባት ባሉበት፣ ውኃውን እስከዚያ ማን እንደሚቀዳ ስም ተጠርቶ ካልተወሰነ፣ ዕረፍቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። “ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ራጅ ተነሺ” የሚለውም ምክር ለከተማ ሰው ነው። ከራቤል ለመጣ በሽተኛ በጥርጣሬ ብቻ ዕረፍቱን ማዘዝ ይሻላል፤ ቢሳሳቱ የሚጠፋው ጥቂት ሳምንት ነው።

ከእግር ወደ ወገብ ስንመጣ ሌላ እምነት ይገጥመናል፤ “ቆሞ ከሄደ አከርካሪው ደህና ነው” ይባላል። ከገደል ወይም ከበቅሎ የወደቀ ሰው ተደግፎ ይነሣል፣ መኪና ላይ ቁጭ ብሎ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። የተሰበረው አከርካሪ ሕብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ የሚችለው ያኔ ነው። የአገሬው ቃሬዛ ከዚያ መኪና ወንበር ይሻላል፤ አንገቱን አንድ ሰው ይዞ፣ አካሉን ሳያጣምሙ አንድ ላይ አገላብጠው ካስተኙት። ያልወደቀው ደግሞ ወራት የቆየ የወገብ ሕመም ይዞ፣ ሌሊት እያላበው፣ እየከሳ ሲመጣ ታሽቶ ይሰነብታል፤ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና የሚያድነው መድኃኒት እንጂ እሽት አይደለም። እግሩ ከዛለ፣ ሽንቱ ከታገደ ወይም መቀመጫው ከደነዘዘ ጉዳዩ የዚያኑ ዕለት ነው፤ ለወጌሻም ለቀጠሮም አይቆይም።

ከሐኪሙ የምጠብቀው አዲስ ማሽን አይደለም፤ ካርዱ ላይ ሁለት መስመር ነው፦ “በራጅ ስብራት አልታየም፤ የጫና ስብራት ይጠረጠራል። ሩጫ፣ ሸክምና እሽት ለ6 ሳምንት ይቁም።” ያችን ካርድ ወጌሻውም ልጁን ጠርቶ ማስነበብ ይችላል።