የምርጫ ወረቀት ስም ይኑረው

ባለፈው ዓመት የማኅበራችን መሪዎች ሊመረጡ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ በአንድ ሌሊት ሁለት ዓይነት ወረቀት በየመኝታ ቤቱ በር ሥር ገብቶ አደረ። ለአዲስ ገቢዎች የደረሰው፥ አንዱ ዕጩ ቢመረጥ ክፍሎቻቸውን ለነባሮቹ ሊያስለቅቅባቸው ቃል ገብቷል ይላል። ለነባሮቹ የደረሰው ደግሞ፥ ይኸው ዕጩ የተሻሉትን ክፍሎች ሁሉ ለአዲስ ገቢዎች ሊሰጥ ተስማምቷል ይላል። በሁለቱም ላይ የጸሐፊ ስም የለም። ዕጩው ይህን የሰማው ድምፅ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ ነው። ተሸነፈ። የተሸነፈው በወረቀቱ ምክንያት ነው ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ነገር ግን መልስ ለመስጠት አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳላገኘ እናውቃለን።

ይህን ያነሣነው ያለፈ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የዘንድሮው ምርጫ ስለ ደረሰና የአስመራጭ ኮሚቴው ደንብ ስለ ቅስቀሳ ወረቀት አንዲት ቃል ስለማይናገር ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ውሸት የጻፈ ይቀጣ የሚል ደንብ ይውጣ» ይላሉ። ውሸቱንና እውነቱን ማን ይለያል? ኮሚቴው? ያን ሥልጣን ለማንም ኮሚቴ መስጠት ያስፈራናል። እኛስ ከውሸቱ ይልቅ ስም አልባነቱና ለየጆሮው ለየብቻ መነገሩ የበለጠ የሚጎዳ ይመስለናል። በአደባባይ ለተነገረ ውሸት መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ቀድሞ ዐዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር የነበረው፥ ሁሉም አንድ ቃል እንዲሰማ አይደለምን?

የሌላውን አገር ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 7 ቀን 1964 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሊንደን ጆንሰን የምርጫ ዘመቻ በቴሌቪዥን አንድ ማስታወቂያ አሳየ። አንዲት ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል እየቀነጠሰች ትቆጥራለች፤ ከዚያ የወንድ ድምፅ ከዐሥር ወደ ታች ይቆጥራል፤ በመጨረሻ የአቶሚክ ቦምብ ይፈነዳል። የተወዳዳሪው የባሪ ጎልድዋተር ስም አልተጠራም፤ ሆኖም ማን እንደ ታሰበ ያልገባው አልነበረም። ክፉ ማስፈራሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ያወጣው ወገን የታወቀ ነበርና የጎልድዋተር ደጋፊዎች አይተው ጮኹበት፥ ጋዜጠኞችም ተከራከሩበት። ተከፍሎበት የታየውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከ52 ዓመት በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 21 ቀን 2016 በቴክሳስ፥ በሂዩስተን ከተማ፥ በአንድ እስላማዊ ማእከል ፊት ሁለት ሰልፎች በአንድ ሰዓት ተገናኙ። አንደኛው እስልምናን የሚቃወም፥ ሁለተኛው የሚደግፍ ነበር። መንገዱን መካከል አድርገው ተሰዳደቡ። ሁለቱንም የጠሯቸው የፌስቡክ ገጾች ከሩሲያ በአንድ እጅ የሚመሩ መሆናቸው በአሜሪካ ሴኔት የተገለጠው በ2017 ነው፤ ገጾቹን ለማስተዋወቅ የወጣውም ገንዘብ 200 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። እዚያ ከቆሙት ሰዎች አንዱ እንኳ ማን እንደ ጠራው ቢያውቅ ኖሮ ከቤቱ ይወጣ ነበርን? የእኛን የሁለት መኝታ ቤት ወረቀት ከዚህ የሚለየው መጠኑ ነው እንጂ ጠባዩ አይደለም።

ሕግ አውጪዎች በየአገሩ የተለያየ መንገድ ይዘዋል። ብሪታንያ በራዲዮና በቴሌቪዥን የፖለቲካ ማስታወቂያ በገንዘብ መግዛትን ከልክላ ለፓርቲዎች ነፃ ሰዓት ትሰጣለች፤ በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2013 እ.ኤ.አ. ክልከላውን 9 ለ8 በሆነ ድምፅ አጽንቶላታል። በዚያው አገር በምርጫ ወረቀት ላይ የአታሚውና የአውጪው ስምና አድራሻ መጻፍ ግዴታ ሲሆን፥ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ይህ ግዴታ በኢንተርኔት ለሚወጣውም ደርሷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል ያውጡ ብሎ 5 ለ4 ፈረደ። ይህን ፍርድ ብዙዎቻችን እናወግዛለን። ነገር ግን በዚያው ፍርድ ከ9ኙ ዳኞች 8ቱ የከፋዩ ስም ይገለጥ ማለታቸውን ማን ያስታውሳል?

በአውሮፓ ኅብረት ከኦክቶበር 2025 ወዲህ የሚሠራው ደንብ ደግሞ ማን ከፈለ፥ ስንት ከፈለ፥ ለማን እንዲታይ ተመረጠ የሚለው ሁሉ ይታወቅ ይላል። ጉግልና የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በዚህ ምክንያት በኅብረቱ አገሮች የፖለቲካ ማስታወቂያ መሸጥ ትተዋል። ሚዛንህን አሳይ ሲባል ሱቁን እንደሚዘጋ ነጋዴ ማለት ነው! እርግጥ፥ በርካሽ ይተዋወቁ የነበሩ ትንንሽ ፓርቲዎች ተጎድተዋል፤ ይህን አንክድም።

በአገራችን ለ2013 ዓ.ም. ምርጫ ለፓርቲዎች ነፃ የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ ተደልድሎ ነበር። ፌስቡክም የፖለቲካ ማስታወቂያ የሚያወጣ ማንነቱን እንዲያስረዳና የከፋዩ ስም እንዲጻፍ አድርጎ ነበር፤ ግን ይህ የኩባንያው የራሱ ደንብ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ቀርቦልናል፤ ያቀረበችልንም የሕግ ተማሪ ናት። «ስም የማይጻፈው ሁልጊዜ ለተንኮል አይደለም፤ ደካማ ሰው ኃይለኛውን የሚተቸው ስሙን ደብቆ ነው» አለችን። እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ሁለት ምሽት ተከራክረናል። በኦሃዮ አንዲት ሴት የትምህርት ቤት ግብርን የሚቃወም ወረቀት ያለ ስም በትና 100 ዶላር ተቀጥታ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 እ.ኤ.አ. መብቷ ነው ብሎ ፈረደላት። እኛም በዚህ እንስማማለን። ተማሪው በግሉ ስለ ምግቡም ሆነ ስለ አስተዳደሩ ያለ ስም ቢጽፍ ማንም አይንካው። ሥልጣን ፈልጎ ለውድድር የቀረበ ሰውና ለእርሱ ገንዘብ አዋጥቶ ወረቀት የሚያባዛ ቡድን ግን ደካማ አይደለም።

ስለዚህ ለአስመራጭ ኮሚቴው የምናቀርበው አጭር ነው። ዕጩውም ሆነ ስለ ዕጩው ገንዘብ ያወጣ ቡድን በሚበትነው ወረቀት ግርጌ ያዘጋጀውና የከፈለው ሰው ስም ይጻፍ። በቴሌግራም ለሚያሰራጨውም እንዲሁ ይሁን። ከመበተኑ በፊት አንድ ቅጂ በምግብ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባሉት ሁለት ቀኖች አዲስ ወረቀት አይውጣ።

ያለፈው ዓመት ሁለት ወረቀቶች በእጃችን አሉ። በሁለቱም ላይ «ቀ» ፊደል አንድ እግሯ ተሰብሯል፤ የተመቱት በአንድ መኪና ነው። ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የሚሻ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ይበል።